በባቡር ጣሪያ ላይ የተሠራው የመስተዋት ሰገነት

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ መንገድ ሲሄድ ሁለት ነገር ይመኛል፤ አንደኛው ካሰበው ቦታ በደኅና መድረስ ነው፤ ሁለተኛውም በመንገዱ ላይ ያለውን የእግዚአብሔርን ፍጥረት እያየ ልቡን ማስደሰት ነው። በበቅሎ የሚሄድ መንገደኛ ጉዞው ቢረዝምበትና ሰውነቱ ቢደክም እንኳ ዓይኑን የሚከለክለው ነገር የለም፤ ፊት ለፊቱን፥ ግራና ቀኙን፥ ከራሱም በላይ ያለውን ተራራና ሰማይ እንደ ልቡ ይመለከታል። የምድር ባቡር ከተፈለሰፈ ወዲህ ግን ሰው ፍጥነትን ሲያገኝ ይህን የዓይን ነጻነት አጣ። በሠረገላው ውስጥ ተዘግቶ ከአንዲት መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፤ የሚያየውም በጎኑ በኩል ወደ ኋላ የሚሸሸውን መሬት ብቻ ነው። ወደ ፊት ምን እንዳለ አያውቅም፤ የገደሉም ራስ ከመስኮቱ በላይ ስለሚሆን አንገቱን ቢያጣምም አይደርስበትም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች በሠረገሎቻቸው ጣሪያ ላይ የመስተዋት ጉልላት ሠርተው ሕዝቡን ያስቀመጡበት አንድ ዘመን ነበረ። ዘመኑም አጭር ነው፤ ከ1945 እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ ባሉት 13 ዓመታት ውስጥ ለአሜሪካና ለካናዳ ባቡሮች ከ200 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሠረገሎች ተሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ቀዘቀዘ። ነገሩ ስለ መስተዋትና ስለ ብረት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ሕዝባቸው ጥሏቸው እንዳይሄድ የሚታገሉ ሰዎች ታሪክም ስለ ሆነ ለቤተ ሰብ ሁሉ ትምህርት ይገኝበታል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሠራተኞቹ መቀመጫ

በባቡር ላይ ከሁሉ የበለጠው መቀመጫ የማን እንደ ነበረ ብንጠይቅ መልሱ የሚያስደንቅ ነው። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በሐር ትራስ ላይ የሚቀመጠው ባለጠጋ አልነበረም፤ መቀመጫው የሠራተኞቹ ነበረ። የባቡሩ ነጂና ረዳቱ ከፊት ሆነው ሐዲዱ እንደ ሪባን እየተፈታ ሲመጣ፥ ድልድዩም ዋሻውም ሲቀርብ ያዩ ነበር። እንዲሁም በአሜሪካ በዕቃ ባቡር መጨረሻ ላይ ለሠራተኞች የሚቀጠል አንድ ፉርጎ ነበረ፤ በጣሪያውም ላይ መስኮት ያላት ትንሽ ቆጥ ትሠራለት ነበር። ሠራተኛው በዚያች ቆጥ ተቀምጦ የባቡሩን ርዝመት ይጠብቃል፤ ከመንኰራኵሩ ጢስ ቢወጣ፥ ዕቃም ቢያዘነብል አይቶ ምልክት ይሰጣል። ይህ ሠራተኛ ሥራውን ሲሠራ ተራራውንና ወንዙን ሁሉ ከላይ ሆኖ ይመለከት ነበር፤ ከፍሎ የተሳፈረው መንገደኛ ግን ከታች ተዘግቶ ይቀር ነበር።

ይህን ነገር ልብ ብለው ያዩ ሰዎች በጥንትም አልጠፉም። ማክብራይድ የተባለ በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ የሚኖር ሰው በ1891 ዓ.ም. በጣሪያው ላይ ጉልላት ያለው የመኝታ ሠረገላ ሥዕል ነድፎ የፈጠራ መብት ተቀበለበት። የካናዳ ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያም ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ በሮኪ ተራሮች ውስጥ በሚያልፉ ባቡሮች ላይ ባለ መስተዋት ቆጥ ሠረገሎችን ለጥቂት ዓመታት አስኬደ። ነገር ግን ሐሳቡ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሐሳብ ሆነ።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። በዚያ ዘመን ባቡርን የሚጐትተው በከሰል የሚሞቅ የእንፋሎት ሞተር ነበረ፤ ጢሱና ጥላሸቱም በጣሪያው ላይ እየወረደ መስተዋቱን ያጠቁረዋል። ደግሞም በመስተዋት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፀሐይ በወጣ ጊዜ እንደ ምድጃ ይግላል፤ የዚያን ጊዜ አየር የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ለባቡር አልተሠራም ነበር። ከዚህም ሌላ ተራ መስተዋት ድንጋይ ቢመታው ተሰብሮ በሰው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ጉልላቱ ሦስት ነገሮችን መጠበቅ ነበረበት፤ እነርሱም ጢስ የማያበዛ ሞተር፥ ቤትን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ፥ ቢሰነጠቅም የማይረግፍ መስተዋት ናቸው። ሦስቱም በ1930ዎቹ ዓመታት በአንድነት ተገኙ። አየራቸው በመሣሪያ የሚቀዘቅዝ ባቡሮች መሄድ ጀመሩ፤ በግንቦት ወር 1934 ዓ.ም. ደግሞ ዜፊር የተባለው የበርሊንግተን ኩባንያ ባቡር በናፍጣ ሞተር እየተነዳ ከዴንቨር እስከ ቺካጎ ያለውን 1,015 ማይል መንገድ በመካከል ሳይቆም በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጸመው። የዚህ ባቡር ሠረገሎች ኤድዋርድ በድ በመሠረተው ፋብሪካ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ስለ ነበሩ እንደ ብር ያበሩ ነበር።

በግሌንዉድ ሸለቆ

በኮሎራዶ ግዛት የኮሎራዶ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ግሌንዉድ የሚባል ጥልቅ ሸለቆ አለ። ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በግራና በቀኝ ያለውም ገደል በአንዳንድ ቦታ 400 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ባቡሩ በወንዙ ዳር እየተጠማዘዘ ያልፋል። በመስኮት የሚያየው መንገደኛ የገደሉን እግር ያያል፤ ራሱን ግን አያይም።

በ1944 ዓ.ም. ሳይረስ ኦስበርን የተባለ ሰው በዚህ ሸለቆ አለፈ። ይህ ሰው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንትና የናፍጣ ባቡር ሞተር የሚሠራው ክፍል አለቃ ነበረ። ኩባንያው የሠራውን ሞተር አሠራር ለማየት ብሎ ከመንገደኞች ጋር ሳይሆን ከነጂው አጠገብ በረዳቱ መቀመጫ ተቀመጠ። ባቡሩ ወደ ሸለቆው በገባ ጊዜ ገደሉ ከፊትም ከላይም ተገለጠለት፤ ብዙ ዓመት በባቡር ሥራ ላይ የቆየው ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ ገባው። ሰው ከዚህ መቀመጫ ምን እንደሚታይ ቢያውቅ ኖሮ ስንት ገንዘብ በከፈለበት ነበር ብሎ አሰበ ይባላል። ወዲያውም ወደ ሶልት ሌክ ከተማ በደረሰ ጊዜ ያየውን ሳይረሳ ወረቀት አንሥቶ ጣሪያው ላይ የመስተዋት ጉልላት ያለውን ሠረገላ ነደፈ።

ልብ ማለት የሚገባን ይህን ነው፤ ሹሙ አዲሱን ሐሳብ ያገኘው በጽሕፈት ቤቱ ወንበር ላይ ሆኖ አይደለም፤ ወደ ሠራተኛው መቀመጫ ወርዶ በሠራተኛው ዓይን ባየ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ጉልላት

የበርሊንግተን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ራልፍ በድ ሐሳቡን በሰማ ጊዜ ብዙ አላመነታም። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ አዲስ ሠረገላ ማሠራት አስቸጋሪ ነበር፤ ስለዚህ ቀድሞ ከነበሩት ሠረገሎች አንዱን መርጦ በኢሊኖይ ግዛት በኦሮራ ከተማ በሚገኘው በኩባንያው ጋራዥ እንዲለወጥ አዘዘ። ጣሪያው በመካከሉ ተቈረጠ፤ በቦታውም የብረት አጥንት ያለው የመስተዋት ቤት ቆመ። በሐምሌ ወር 1945 ዓ.ም. ሥራው ተፈጸመ፤ ሠረገላውም «የብር ጉልላት» የሚል ስም ተሰጥቶት በቺካጎና በሚኒያፖሊስ መካከል በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በሚሄደው ባቡር ላይ ተቀጠለ። በአሜሪካ የአዲሱ ዘመን የመጀመሪያው ባለ ጉልላት ሠረገላ ይህ ነው።

አሠራሩን ለማያውቁት አንባቢዎች በአጭሩ እንግለጸው። ሠረገላው በሁለት ጫፎቹ እንደ ማንኛውም ሠረገላ ነው፤ በመካከሉ ግን ወለሉ ዝቅ ይደረግና ከታች አንድ ክፍል፥ ከላይ አንድ ክፍል ይሆናል። ከታች መታጠቢያ ቤትና ትንንሽ ክፍሎች ይደረጋሉ፤ ከላይ ደግሞ በጥቂት ደረጃዎች ተወጥቶ ለ24 ሰዎች መቀመጫ የሚሆን የመስተዋት ሰገነት ይገኛል። በሰገነቱ የተቀመጠው ሰው ራሱ ከባቡሩ ጣሪያ በላይ ስለሚሆን ከሞተሩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሠረገላ ድረስ ባቡሩ በሙሉ ይታየዋል፤ መንገዱ በተጠማዘዘ ጊዜም የራሱ ባቡር እንደ ዘንዶ ሲታጠፍ ያያል። ከሐዲዱ እስከ ጉልላቱ ጫፍ ያለው ከፍታ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። የመጀመሪያው ጉልላት መስተዋት ጠፍጣፋ ነበረ፤ በኋላ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ ግን ወደ ጣሪያው የሚጐብጥ መስተዋት ተደረገ። መስተዋቱም የፀሐይን ሙቀት እንዲቀንስና ቢመታም እንዳይረግፍ ሆኖ በድርብ የተሠራ ነበረ።

የነገው ባቡር

ጄኔራል ሞተርስም ሐሳቡ ከእርሱ ሰው የተገኘ ስለ ሆነ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በፑልማን ስታንዳርድ ፋብሪካ አራት ባለ ጉልላት ሠረገሎች አሠርቶ «የነገው ባቡር» ብሎ ሰየመው። ከአራቱ አንዱ መቀመጫ፥ አንዱ የምግብ ቤት፥ አንዱ የመኝታ፥ አንዱም የመጨዋቻና የመመልከቻ ነበረ፤ ስማቸውም የኮከብ ትቢያ፥ የሰማይ እይታ፥ የሕልም ደመና፥ የጨረቃ ብርሃን እንደ ማለት ነው። ይህ ባቡር በግንቦት ወር 1947 ዓ.ም. በቺካጎ ለሕዝብ ከታየ በኋላ በአሜሪካና በካናዳ ከተማ ለከተማ እየዞረ ይጐበኝ ጀመር። በየጣቢያው አባቶች ልጆቻቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር፤ ከጦርነቱ ጭንቀት ገና የወጣው ሕዝብ የሰላም ዘመን ምን እንደሚመስል በዚህ መስተዋት ውስጥ የሚያይ መሰለው። ጉብኝቱ በ1949 ዓ.ም. ሲፈጸም በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው ገብቶ አይቶት ነበር። በ1950 ዓ.ም. የዩኒየን ፓሲፊክ ኩባንያ ገዝቶት በፖርትላንድና በሲያትል መካከል ሥራ ላይ አዋለው።

የካሊፎርኒያው ዜፊር

ከባለ ጉልላት ባቡሮች ሁሉ ስሙ ገንኖ የቀረው ግን የካሊፎርኒያው ዜፊር ነው። ይህን ባቡር ሦስት ኩባንያዎች ተባብረው በመጋቢት 20 ቀን 1949 ዓ.ም. አስጀመሩት፤ እነርሱም በርሊንግተን፥ ዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ዌስተርን፥ ዌስተርን ፓሲፊክ ናቸው። መንገዱ ከቺካጎ ተነሥቶ ሮኪ ተራሮችንና ሲየራ ኔቫዳን አቋርጦ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ እስካለችው እስከ ኦክላንድ ይደርስ ነበር።

እነዚህ ሦስት ኩባንያዎች አንድ ከባድ ችግር ነበረባቸው። ተወዳዳሪያቸው የሆነው ሌላው መስመር አጭርና ሜዳማ ስለ ነበረ ወደ 40 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ይደርሳል፤ የእነርሱ ግን በተራራ ስለሚጠማዘዝ ወደ 50 ሰዓት ይፈጃል። በፍጥነት ቢወዳደሩ መሸነፋቸው የታወቀ ነው። እነርሱ ግን ድካማቸውን ወደ ሀብት ለወጡት። ተራራው የሚያዘገየን ከሆነ ተራራውን እናሳያቸው አሉ። የባቡሩንም ሰዓት ሲያወጡ ሮኪ ተራሮችና የፌዘር ወንዝ ሸለቆ በቀን ብርሃን እንዲታለፉ፥ የማይስበው በረሓና ሜዳ ግን በሌሊት እንዲታለፍ አደረጉ። በእያንዳንዱ ባቡር ላይም አምስት ባለ ጉልላት ሠረገሎች ስለ ቀጠሉ 120 ሰው በአንድ ጊዜ ከላይ ሆኖ ማየት ይችል ነበር።

አንድ ቤተ ሰብ በዚህ ባቡር ተሳፍሮ ቢሄድ ጉዞው እንዲህ ነበረ። ከቺካጎ ከሰዓት በኋላ ይነሣና ሌሊቱን በሜዳ ላይ ሲገሰግስ ያድራል። በማለዳ ዴንቨር ይደርሳል፤ ከዚያም ባቡሩ ወደ ተራራው መውጣት ይጀምራል። ልጆች ቁርሳቸውን በልተው ሳይጨርሱ ወደ ደረጃው ይሮጣሉ። ባቡሩ እየዞረ በወጣ ቍጥር ያለፉት ሜዳ ከበታች እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል፤ ቀጥሎም በ1928 ዓ.ም. ወደ ተከፈተውና 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ወዳለው ሞፋት ወደሚባል ዋሻ ሲገቡ ጉልላቱ በድንገት ይጨልማል። ከወዲያኛው በኩል ሲወጡ የኮሎራዶ ወንዝ ገባሮች ያሉበት አገር ይቀበላቸዋል፤ ከቀትር በኋላም ኦስበርን የተደነቀበት የግሌንዉድ ገደል በሁለት ወገን ይነሣል። ሌሊቱን ሶልት ሌክን አልፈው በረሓውን ያቋርጣሉ። በሁለተኛው ማለዳ በፌዘር ወንዝ ሸለቆ ይነቃሉ፤ ማታ ሳይመሽም ከባሕሩ ዳር ይደርሳሉ።

በጉልላቱ ለመቀመጥ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠየቅም ነበር። በኋለኛው የመመልከቻ ሠረገላ ያለው ጉልላት ለመኝታ ተሳፋሪዎች የተለየ ቢሆንም በመቀመጫ የሚሄደው ሰው ልጆቹን ይዞ በሌሎቹ ጉልላቶች ያለ ክፍያ ይወጣ ነበር። መቀመጫው የማንም የግል ስላልሆነ አንዱ አይቶ ሲረካ ለሌላው ይለቃል፤ በዚህም ልጆች ተራ መጠበቅን፥ ለሽማግሌ መነሣትን ይማሩበት ነበር።

እናቶችን የሚረዳ ሌላም ነገር ነበረ። በእያንዳንዱ ባቡር ላይ ዜፊሬት የምትባል አንዲት አስተናጋጅ ትመደብ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ያላገቡ፥ ከፍተኛ ትምህርት የተማሩ ወይም የአስታማሚነት ሙያ ያላቸው ወይዛዝርት ነበሩ። ሥራቸውም ብዙ ነው፤ የሚታየውን ተራራና ወንዝ ስሙን በድምፅ ማጉያ ይናገራሉ፤ የራት ሰዓት ይመድባሉ፤ የታመመውን ያስታምማሉ፤ ልጆች ላሏት እናት እጅ ይሆናሉ፤ ብቻውን የሚሄደውን ሕፃንም ይጠብቃሉ። ብዙ ሰዎች ከተራራው ይልቅ የእነዚህን ወይዛዝርት ቸርነት ሲያስታውሱ ኖረዋል።

የሌሎች ኩባንያዎች ውድድር

የዜፊር ዝና በተሰማ ጊዜ ሌሎቹም እየተሽቀዳደሙ ተከተሉ። የሳንታ ፌ ኩባንያ በ1951 ዓ.ም. በቺካጎና በሎስ አንጀለስ መካከል በሚሄደው ሱፐር ቺፍ በተባለው የተከበረ ባቡሩ ላይ ባለ ጉልላት ሠረገላ ቀጠለ፤ በዚያው ሠረገላም ቱርኳይዝ የሚባል ለጥቂት እንግዶች ብቻ የሚሆን የግብር ክፍል ነበረ። የሚልዎኪ ኩባንያ ደግሞ ጉልላቱ በመካከል ብቻ መሆኑ አላረካውም፤ በ1952 ዓ.ም. ከጫፍ እስከ ጫፍ መስተዋት የሆኑ አሥር ሠረገሎች አሠራ። እነዚህም በላይኛው ፎቅ 68 ሰው ያስቀምጡ ነበር፤ ክብደታቸውም ከ100 ቶን በላይ ነበረ። ኖርዘርን ፓሲፊክ በ1954 ዓ.ም.፥ ግሬት ኖርዘርንና ዩኒየን ፓሲፊክ በ1955 ዓ.ም. በየባቡሮቻቸው ላይ ጉልላት አደረጉ። የዩኒየን ፓሲፊክ መንገደኞች በጉልላቱ ውስጥ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ገበታ ተቀምጠው፥ ተራራ እያዩ ምሳቸውን ይበሉ ነበር።

በምሥራቅ በኩል ግን ነገሩ እንዲህ አልቀናም። በዚያ ያሉት ዋሻዎችና ድልድዮች በጥንት ዘመን ለዝቅተኛ ሠረገሎች የተሠሩ ናቸው፤ በአንዳንዱም መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ ተዘርግቷል። ከዚህ የተነሣ ታላላቆቹ የፔንሲልቫኒያና የኒው ዮርክ ሴንትራል ኩባንያዎች አንድም ጉልላት አልገዙም። ቦልቲሞርና ኦሃዮ የተባለው ኩባንያ ብቻ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ደፍሮ ገባበት፤ ባቡሩ በሌሊት ስለሚሄድም በጣሪያው ላይ ኀይለኛ መብራት አድርጎ ጫካውንና ወንዙን ለመንገደኞች ያበራላቸው ነበር። ሲቦርድ የሚባለው ኩባንያ ደግሞ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ባይሆንለት በ1956 ዓ.ም. ጣሪያው ሳይነሣ መስተዋት ብቻ የገባበት ሦስት ሠረገሎች አሠርቶ የፍሎሪዳን ፀሐይ አስገባ። ሁሉም እንደ አቅሙና እንደ አገሩ መላ ፈለገ።

ከመስተዋቱ በታች የነበሩት

ስለ ጉልላቱ ውበት ስንናገር ከበታቹ የሚሠሩትን ሰዎች መርሳት አይገባም። አልጋ የሚያነጥፉት፥ ሻንጣ የሚሸከሙት፥ ምግብ የሚያበስሉትና የሚያቀርቡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የመኝታ ሠረገላ አገልጋዮች በ1925 ዓ.ም. በአሳ ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው ከብዙ ትግል በኋላ በ1937 ዓ.ም. ከፑልማን ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋሉ። የእነርሱ ደመወዝ ብዙ ልጆችን አስተምሯል፤ ብዙ ቤት አቁሟል።

በደቡብ ግዛቶች ደግሞ ጥቁርና ነጭ መንገደኛ በአንድ ሠረገላ እንዳይቀመጡ የሚከለክል ሕግ ነበረ፤ በምግብ ቤቱም ውስጥ ጥቁሩ ከመጋረጃ በስተ ጀርባ እንዲበላ ይደረግ ነበር። ሄንደርሰን የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ በ1942 ዓ.ም. በባቡር ሲሄድ ምግብ ስለ ተከለከለ ተሟገተ፤ ክርክሩም ስምንት ዓመት ከቆየ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደለት። በ1955 ዓ.ም. መጨረሻም ከግዛት ወደ ግዛት በሚሄዱ ባቡሮች ላይ መንገደኞችን በቀለም መለየት እንዲቀር ተወሰነ። ባለ ጉልላት ባቡሮች በብዙው የሚሄዱት ይህ ሕግ በሌለበት በምዕራብና በሰሜን ነበር፤ ቢሆንም የአንድ አገር ሰዎች አንዱ ከመስተዋት በታች ሰማይ እያየ፥ ሌላው ከመጋረጃ በስተ ኋላ ተከልሎ የሄዱበት ዘመን አንድ ዘመን መሆኑን ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

የመስተዋቱ መጥፋት

ይህ ሁሉ ሲሠራ ኩባንያዎቹ ያሰቡት መንገደኛው ወደ መኪናና ወደ አውሮፕላን እንዳይሸሽባቸው ነው። ነገር ግን ጐርፉ ከግድቡ በለጠ። በ1956 ዓ.ም. ግዛቶቹን ሁሉ የሚያገናኙ ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች እንዲሠሩ ሕግ ወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. የአሜሪካ የጄት አውሮፕላኖች መንገደኛ ማመላለስ ጀመሩ። አባት ቤተ ሰቡን በራሱ መኪና ጭኖ በፈለገበት ይቆማል፤ ነጋዴም ሁለት ቀን የሚፈጀውን መንገድ በጥቂት ሰዓት ይበራል። ለመጨረሻ ጊዜ በዚያ ዘመን ለአሜሪካ ባቡር የተሠራው ባለ ጉልላት ሠረገላ በዚሁ በ1958 ዓ.ም. ተሰጠ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ፖስታ ቤት ደብዳቤውን ከብዙ ባቡሮች ላይ ስላነሣ ለባቡሮቹ ድጋፍ የነበረው ገቢ ቀረ።

ጉልላቱም ራሱ ወጪ አያጣም። ለማቀዝቀዝ ብዙ ኀይል ይፈልጋል፤ መስተዋቱ ውድ ነው፤ በላይ ያሉትም መቀመጫዎች በነጻ የሚሰጡ ስለ ሆኑ ገንዘብ አያስገቡም። የዌስተርን ፓሲፊክ ኩባንያ የካሊፎርኒያውን ዜፊር ለማቆም በ1966 ዓ.ም. አመለከተ። በብዙ አገር ሕዝቡ ተቃወመ፤ ክርክሩም ተራዘመ። በመጨረሻ በመጋቢት ወር 1970 ዓ.ም. ባቡሩ ቆመ። በማግሥቱ ዓመት በግንቦት 1 ቀን 1971 ዓ.ም. አምትራክ የተባለው መንግሥት ያቋቋመው ድርጅት የአብዛኞቹን ኩባንያዎች የመንገደኛ ባቡሮች ተረከበ፤ አሮጌዎቹንም ጉልላቶች እየጠገነ ለጊዜው ሠራባቸው። የሪዮ ግራንዴ ኩባንያ ግን አልሰጥም ብሎ ባለ ጉልላቱን ባቡር ከዴንቨር ወደ ዩታ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በራሱ ሲያስኬድ ቆየ።

እስከ ዛሬ የቀረው

ይሁን እንጂ ሐሳቡ ፈጽሞ አልሞተም። የሳንታ ፌ ኩባንያ በ1956 ዓ.ም. ያሠራቸው ባለ ሁለት ፎቅ ሠረገሎች ለአምትራክ ባለ ሁለት ፎቅ ሠረገሎች አርአያ ሆኑ፤ ከእነዚህም መካከል መስኮቱ ወደ ጣሪያው የሚጐብጥ የመመልከቻ ሠረገላ አለ፤ በእርሱም ዛሬ መንገደኞች በግሌንዉድ ሸለቆ ሲያልፉ ገደሉን ያያሉ። በካናዳ ከቶሮንቶ እስከ ቫንኩቨር የሚሄደው ባቡር ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩትን ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ጉልላቶች እስከ ዛሬ ይዞ ይጓዛል። ከነገው ባቡር አራት ሠረገሎች የጨረቃ ብርሃን የተባለው ብቻ ከብረት መጣያ ተገኝቶ ወደ ኦግደን ከተማ ተወሰደ፤ የቀሩት ሦስቱ ግን ተሰባብረው ቀርተዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር እንጨምር። ኦስበርን ሐሳቡን ያገኘበትን ቦታ ለማስታወስ በ1950 ዓ.ም. በግሌንዉድ ሸለቆ ባለ ጉልላት ሠረገላ ምስል ያለበት ሐውልት ቆሞ ነበር። ከዓመታት በኋላ በዚያው ሸለቆ ታላቁ የመኪና ጎዳና በተሠራ ጊዜ ሐውልቱ ተነሥቶ በጎልደን ከተማ ወዳለው የባቡር ቤተ መዘክር ተወሰደ። ጎዳናው ባቡሩን ካሸነፈው በኋላ መታሰቢያውንም ከቦታው አስነሣው ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ቤተ ሰብ ምን ይማራል ቢሉን እንዲህ እንላለን። መልካም ሐሳብ የሚገኘው ራሱን በሌላው ሰው መቀመጫ ባስቀመጠ ሰው ዘንድ ነው፤ ሹም በሠራተኛው፥ አባትም በልጁ ቦታ ተቀምጦ ቢያይ ያላየውን ያያል። ደግሞም ሁሉ ነገር በፍጥነት አይመዘንም። ለመድረስ የሚቸኩል ብዙ ነው፤ በመንገዱ ላይ ልጆቹን ሰብስቦ «ይህን ተመልከቱ» የሚል ግን ጥቂት ነው። የመስተዋቱ ሰገነት ለጥቂት ዓመታት እናትና አባትን፥ ልጅንና ሽማግሌን በአንድ ወንበር አጠገብ ሰብስቦ ዓይናቸውን ወደ አንድ ተራራ አቀና። ሠረገላው ቢያረጅም ያን ቀን ያዩት ልጆች አርጅተው እንኳ ለልጅ ልጆቻቸው ያወሩታል።